ዳኛው እንደ ደራሲ፦ ስለ ሮናልድ ድዎርኪን የቅብብል ልብ ወለድ

«የሕግ ፈላስፋ በሥነ ጽሑፍ ቅጠላችን ምን ይሠራል?» የሚለን አይጠፋም። በ1931 ተወልዶ በ2013 የሞተው አሜሪካዊው ሮናልድ ድዎርኪን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የዳኛን ሥራ ለማስረዳት ምሳሌ የተበደረው ከእኛው ሠፈር፣ ከልብ ወለድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ደራሲዎች አንድ ታሪክ በቅብብል ይጽፋሉ። እያንዳንዱ ከእሱ በፊት የተጻፈውን አንብቦ፣ ሥራውን በተቻለው ሁሉ በሚያሳምር መንገድ ይቀጥላል። ለዳኛም የቀደሙት ፍርዶች የተጻፉ ምዕራፎች ናቸው፤ እንዳሻው አይፈጥርም፣ እንደ ማሽንም አይደግምም።

ደጋግሞ የሚያነሣው በ1889 ኒው ዮርክ ላይ የተፈረደውን ነው። ኤልመር የሚባል ወጣት፣ አያቱ ኑዛዜውን እንዳይለውጡበት ፈርቶ መርዞ ገደላቸው። የኑዛዜው ሕግ ግን ገዳይ አይወርስም አይልም። ታዲያ ይውረስ? አብዛኞቹ ዳኞች፣ ማንም ከገዛ ወንጀሉ አይጠቀምም በሚለው መርሕ ከለከሉት። ድዎርኪንም ይህን ይዞ፣ በ1969 ኦክስፎርድ ላይ ወንበሩን የተረከበውን ኤች. ኤል. ኤ. ሃርትን ሞገተ፤ ሕግ ማለት ደንብ ብቻ ሳይሆን መርሕም ነው አለ። እዚህ ላይ ከድዎርኪን ጋር ነን።

ቅብብሉን እኛም ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነን ሞክረነው ነበር። ሦስተኛው ጀግናዋን ገደላት፤ አምስተኛዋ «ሕልም ነው» ብላ አስነሣቻት። ሁሉም ለታሪኩ ታማኝ ነኝ ባይ! ድዎርኪን ግን በከባድ ጉዳይም ቢሆን ትክክለኛ መልስ አለ ባይ ነበር። የእኛ የአንድምታ መምህራን «አንድም» እያሉ ትርጓሜዎችን ጎን ለጎን ያኖራሉ። ዳኛ ይህ ዕድል የለውም፤ እስረኛው ቆሞ ይጠብቀዋልና።

ጭንቁ የቀደሙት ምዕራፎች ራሳቸው ክፉ ሲሆኑ ነው። ሮበርት ከቨር በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ባርነትን የሚጠሉ አሜሪካውያን ዳኞች ያመለጡ ባሮችን ለጌቶቻቸው ይመልሱ እንደነበር አሳየ። ድዎርኪን በዚያው ዓመት መጽሐፉን ሲገመግም፣ ጥፋቱን በዳኞቹ የሕግ ግንዛቤ ላይ ጣለ፤ ከሕገ መንግሥቱ ሥር ያሉት የነፃነት መርሆች ሌላ ፍርድ ያሰጡ ነበር አለ። ልባችን ይህን ማመን ይፈልጋል። ግን እኮ ያ ሕገ መንግሥት፣ ባሪያ የሚለውን ቃል ሳይጠራ፣ ያመለጠው ይመለስ የሚል አንቀጽ ነበረው! አሳምሮ ማንበብ እዚህ ላይ ወንጀሉን ማሳመር አይሆንም ወይ? ያን አንቀጽ ከንቱ ያደረገው ጦርነትና የ1865ቱ ማሻሻያ እንጂ የብልህ ዳኛ ንባብ አይደለም። የእኛን ጀግና በብዕር አስነሣናት፤ ተይዞ የተመለሰውን ሰው ግን ማን ያስነሣዋል?

በሚቀጥለው ስብሰባችን «የሕግ ግዛት» የተባለውን የ1986 መጽሐፉን እናነሣለን። የሕግ ተማሪዎች የምትከራከሩን ካላችሁ፣ ኑ።