መብራት ያልገባበት፣ ከመብራት የወጣ

«መብራት ያልገባበት አገር» በሚለው የአማርኛ አነጋገር ውስጥ ተስፋ አለ፤ ዛሬ ያልገባ ነገ ይገባል። ዛሬ እንደ ፋሽን የሚነገረው «ኦፍ-ግሪድ» ግን አቅጣጫው ሌላ ነው፤ መስመሩ ደጁ ድረስ የመጣለት ሰው ትቶት መሄዱን ይናገራል። የሜሊሳ ኮልማንን የልጅነት ትዝታ የሚያነብ አማርኛ ተናጋሪ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ይቆያል።

በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው መጽሐፍ ርዕሱ «ይህ ሕይወት በእጅሽ ነው» እንደማለት ነው። ንዑስ ርዕሱ ደግሞ አንድ ሕልም፣ ስድሳ ኤከር መሬትና የፈረሰ ቤተሰብ ብሎ መጨረሻውን አስቀድሞ ያወጣዋል። ኤልየትና ሱ ኮልማን በ1968 በአሜሪካ ሜን ግዛት፣ ኬፕ ሮዝየር በሚባል የባሕር ዳርቻ፣ 60 ኤከር ጫካ ገዙ። ኤሌክትሪክም ቧንቧም የለም። ቤቱን በእጃቸው ሠሩ፤ ውሃ ከምንጭ ቀዱ፤ በፋኖስ አመሹ። በዓመቱ ሜሊሳ ተወለደች።

መሬቱን የሸጡላቸው ሄለንና ስኮት ኒሪንግ ነበሩ። ስኮት በ1915 በአቋሙ ምክንያት ከፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተባረረ የኢኮኖሚክስ መምህር ነው። ባልና ሚስቱ በ1932 ከኒውዮርክ ወጥተው ቨርሞንት ገጠር ገቡ፤ የዚያን ኑሮ ታሪክ በ1954 አሳተሙ፤ መጽሐፉም ከተማ ለሰለቸው ለኋላው ትውልድ መንገድ መሪ ሆነ። ጽሑፉ የሒሳብ መዝገብ ጠባይ አለው። ቀኑ ሳይቀር ይከፋፈላል፦ አራት ሰዓት ለእንጀራ፣ አራት ሰዓት ለንባብና ለየግል ሙያ። (ሐሳቡ በአማርኛ ይበልጥ የሚያምር ይመስላል።) ነገር ግን በኒሪንጎች ቤት የሚያለቅስ ሕፃን አልነበረም።

የኮልማን መጽሐፍ ኃይሉ እዚህ ላይ ነው። ያንኑ ኑሮ ከወለሉ፣ ከልጅ ቁመት ታየዋለች። አባትየው ድንጋያማውን የጫካ መሬት ወደ ለም ጓሮ ቀየረው፤ በኋላም በኦርጋኒክ እርሻ ስሙ የገነነ ሰው ሆነ። እናትየው ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ለክረምት ታከማቻለች፣ ታጠባለች፤ በበጋ ሥራ ሊማሩ ለሚጎርፉት ወጣቶችም ታበስላለች። ዝምታዋ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ እየከበደ ይሄዳል። በ1976 የሦስት ዓመቷ ታናሽ እህት ከቤቱ አጠገብ ባለው ኩሬ ሰጥማ ሞተች። ትዳሩ ከዚያ በኋላ አልቆየም።

ገጠር ያደገ አንባቢን የሚያስደንቀው ፋኖሱ ወይም ባልዲው አይደለም። የሚያስደንቀው የሰዉ ማነስ ነው። በጎጃም ወይም በወሎ መብራት ባልገባበት ቤት የምትፈጭ እናት አማት አለቻት፤ ጎረቤት አላት፤ ሕፃኑ በአንቀልባ በአንዱ ጀርባ ላይ ነው፤ አጨዳው ሲደርስ ደቦ ይጠራል። ኒሪንጎች ራሳቸው ከቨርሞንት ጎረቤቶቻቸው ጋር የጋራ ኑሮ ለመመሥረት ሞክረው እንዳልሆነላቸው ጽፈዋል፤ ከመጽሐፋቸው ሐቀኛው ገጽ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም ከሲያትል ወይም ከስቶክሆልም ሆኖ «አንድ ቀን አገር ቤት ገብቼ በሶላር እኖራለሁ» የሚል ሰው ቶሎ ደስ አይበለው። እዚያም ልጅ ምድጃ ውስጥ ይወድቃል፤ ወንዝ ይወስደዋል። ሕፃኑን የምታዝለውም ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤት መሄድ የነበረባት ታላቅ እህቱ ናት።

ሜሊሳም ታላቅ እህት ነበረች፤ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። የመጽሐፉ ደካማ ገጾች ሳትወለድ የተነገሩ ንግግሮችን በቦታው እንደነበረች አድርጋ የምትጽፍባቸውና ለሞቱ ምክንያት የምታድንባቸው ናቸው፤ የአባት ሕመም፣ የእናት ድካም፣ የሥራው ብዛት፣ ሁሉም በየተራ ይቀርባሉ። አንባቢ ምርመራው ይሰለቸዋል። ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ የምታስበዋ ልጅ ስትናገር ግን ምክንያት ፍለጋው ቀርቶ ጓሮው፣ ኩሬውና የሚጣሩት ትልልቅ ሰዎች ብቻ ይቀራሉ። አራት ሰዓት ለእንጀራ፣ አራት ሰዓት ለራስ ተብሎ በተከፋፈለው ቀን ውስጥ ልጅ የሚጠበቅበት ሰዓት ከየትኛው እንደሚቀነስ ያን ዕለት እዚያ የነበረ ማንም አላሰላውም።