ምናባዊ ልብ ወለድ ለኢሉባቦር ታዳጊዎች

በመቱና በጎሬ ለ13 ዓመት ልጅ ምናባዊ ልብ ወለድ የሚመርጥ መምህር ዕድሜን ብቻ መመዘኛ ማድረግ የለበትም እላለሁ። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ስላጸና፣ በኦሮሚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል፤ ለብዙዎቹ ልጆች አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ምናባቸው ከአማርኛቸው ይቀድማል።

በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» እንመልከት። ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር መንታ ወንድሟን ፍለጋ የምትወጣው የጦቢያ ጉዞ ታዳጊውን ይስበዋል፤ የደራሲው የረቀቀ አማርኛ ግን ከመንገድ ያስቀረዋል። በአንጻሩ ቋንቋው የቀለለ የተረት መጽሐፍ ቢሰጠው የሕፃናት ነው ብሎ ይመልሰዋል። በእኔ እምነት የሚያስፈልገው ጀብዱው ሳይቀነስ ዓረፍተ ነገሩ ያጠረ፣ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የተሰናዳ እትም ነው።