የታወቀውን ማሳወቅ

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች መደርደሪያ ላይ ከተከማቹት የምርምር ወረቀቶች መካከል የገጠር ተማሪዎች ከትምህርት የሚቀሩበትን ምክንያት እንመርምር ብለው የተነሡት ብዙ ናቸው። ጥራዛቸው ያማረ ነው፤ አካሄዳቸውም አንድ ዓይነት ነው። መጠይቅ ይበተናል፤ መልሱ በመቶኛ ይሰላል፤ በመጨረሻም ድህነት፣ የመንገድ ርቀትና የእርሻ ሥራ ልጆችን ከትምህርት እንደሚያስቀሩ «ተረጋገጠ» ይባላል። ከጎንደር በስተ ሰሜን፣ በላይ አርማጭሆ ወረዳ፣ በትክል ድንጋይ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ይህን ለማወቅ መጠይቅ አያስፈልገውም። በኅዳር እህሉ ሲደርስ ልጁን ለአጨዳ የሚያስቀረው ራሱ ነውና።

ይሁን እንጂ ነቀፌታው የታወቀ ነገር በመጠናቱ ላይ ሊያርፍ አይገባም። የታወቀ የሚመስለው ሁሉ እውነት አይደለም። መማሪያ መጽሐፍ ቢታደል የተማሪው ውጤት ከፍ እንደሚል የሚጠራጠር መምህር ጥቂት ነው። በምዕራብ ኬንያ የገጠር ትምህርት ቤቶች የተካሄደውና ፖል ግሌዊና ሁለት ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ግን የመጽሐፍ እደላው አማካይ ውጤትን እንዳላሻሻለ አሳየ። የተጠቀሙት ቀድሞውንም ብርቱ የነበሩት ተማሪዎች ናቸው። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለአብዛኞቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። በዚያ ጥናት የተለመደው ግምት ሊወድቅ በሚችልበት ፈተና ፊት ቀረበ፤ ወደቀም።

«ድህነት አንዱ ምክንያት ነው፤ እስማማለሁ፣ አልስማማም» የሚል መጠይቅ ግን ምንም የሚወድቅ ነገር የለውም። መልሱ ከጥያቄው ጋር አብሮ ታትሟል። የከፋው ደግሞ ከዚያ የሚከተለው የመፍትሔ ሐሳብ ነው። ወላጆች ስለ ትምህርት ጥቅም ግንዛቤ እንዲያገኙ ያሳስባል። ችግሩን ከሁሉ በፊት ያወቀው ገበሬ ባለማወቅ ይከሰሳል ማለት ነው። የትምህርት ዓመቱን መርሐ ግብር በአጨዳው ወራት በሁለት ሳምንት ቢያዛውር ምን እንደሚያተርፍ ሊያውቅ የፈለገው የፕላን ባለሙያም ከወረቀቱ ውስጥ የሚይዘው አኀዝ አያገኝም።

ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ በአንድ ክፍል ስንት የትምህርት ቀን ይባክናል? ለአጨዳ የቀረው ልጅ ሲመለስ ካመለጠው ላይ ይደርሳል ወይስ በዚያው ያቋርጣል? መሬታቸውና በሬአቸው እኩል ከሆነ ሁለት ጎረቤታሞች የአንዱ ልጅ ሲማር የሌላው ለምን ቀረ? የመጨረሻው ቤት ለቤት መሄድን ይጠይቃል። የቀሩት ሁለቱ ግን መልሳቸው በየክፍሉ የስም መጥሪያ መዝገብ ላይ በየዕለቱ ይጻፋል። ዓመቱ ሲያልቅ መዝገቡ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል፤ ተመራማሪውም አዲስ መጠይቅ ያባዛል።