ቃለ ጉባኤውን አምጡልኝ

ስለ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት "ቦርዱ ጠንካራ ነው" ሲባል ማስረጃው ሁልጊዜ ያው ነው። ሰብሳቢው ፕሮፌሰር ናቸው፣ አባላቱ ስመ ጥር ናቸው፣ ዓመታዊ ሪፖርቱ ባለ ቀለም ነው፣ ኦዲተሩም ነቀፌታ አላቀረበም። በዚህ ተደንቆ ገንዘቡን የሚሰጥ ለጋሽ ያበሳጨኛል። በዚሁ የሚረካ አዲስ የቦርድ አባልማ ይብስብኛል፤ ነገ ተጠያቂው እሱ ነውና።

የሕጉን ነገር አልዘረዝርም። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ እንደሌለበት፣ ዓመታዊ ሪፖርቱም የበጀት ዓመቱ ካለቀ በ3 ወር ውስጥ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን መድረስ እንዳለበት ሥራ አስኪያጁም ሒሳብ ሹሙም ያውቁታል። ይህን ያላሟላ ድርጅት ቦርድ ለምዘናም አይበቃም።

እኔ የምጠይቀው የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ነው። ገጽ በገጽ "ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል" ብቻ ከሆነ ያ ቦርድ አይሠራም። ከዚህ ደንብ ፈቀቅ አልልም። ለዓመታት በበጀቱ ላይ አንድ ጥያቄ ካልተነሣ፣ ወይ ሰነዱ ቀድሞ አልተላከም፣ ወይ ያነበበው የለም፣ ወይ ያነበበውን ይሉኝታ ይዞታል። በእኛ አገር የሚበዛው ሦስተኛው ነው። በመሥራቹ ቤት የልጅ ክርስትና የበላ ሰው "ይህ የመኪና ጥገና ሒሳብ ምንድን ነው?" ለማለት አፉ ይያዝበታል።

ጥሩ መዝገብ ውስጥ የሰው ድምፅ አለ። ማን ምን ጠየቀ፣ ምን ተመለሰለት? የተሽከርካሪው ግዥ የሌሎች አቅራቢዎች ዋጋ እስኪመጣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል። አንዱ አባል አቅራቢው ዘመዳቸው መሆኑን አስታውቀው ከክፍሉ ወጥተዋል። የአንዷ የልዩነት ሐሳብ በስማቸው ሰፍሯል። የመጀመሪያው አጀንዳ ሁልጊዜ ያለፈው ውሳኔ የት እንደደረሰ ነው። ፊርማውንም እዩት። ስብሰባው ካለፈ በኋላ ሾፌር ቢሮ ለቢሮ እያዞረ ያስፈረመው ቃለ ጉባኤ ዋጋ የለውም።

በጸሐፊነት ያገለገልኋቸው አንድ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ከባንክ በጡረታ የወጡ። ሰነዱ ከሳምንት በፊት ለአባላቱ ካልደረሰ ስብሰባውን አይከፍቱም ነበር። ሐሳብ የሚጠይቁት ዝም ካለው አባል ጀምረው ነው፤ ሥራ አስኪያጁ የሚናገረው በመጨረሻ። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ "እኔ እንዲህ አላልሁም" ያለ ያስተካክላል፣ ሁሉም እዚያው ይፈርማል። አምሽተን ስንወጣ እናማርር ነበር። ዛሬ እንደሳቸው ያለ ሰብሳቢ ባገኝ እስከ ሌሊት እቀመጣለሁ።

የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ የነበሩት እትዬም እንዲሁ ነበሩ። የድንኳን ኪራይ ጭማሪን የተቃወሙትን በባለ መስመር ደብተር ላይ በስም ይጽፉ ነበር። በዓመቱ ክርክሩ ሲነሣ ደብተሩ ይገለጣል፤ ያኔ ማንም አልሰማሁም፣ አላልሁም ማለት አይችልም። ያ ደብተር ማኅተም ካረፈባቸው ከብዙ የቦርድ መዛግብት ይበልጣል።

ለቦርድ አባልነት ስትጋበዙ፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ሦስት ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ ጠይቁ። አናሳይም ካሏችሁ ግብዣውን አትቀበሉ።