የመንስኤና ውጤት ልምምድ በኩሌ ሲመዘን

«ያለ ነገር ቅጠል አይበጠስም» የሚለው ብሂል ማንኛውም ክስተት መንስኤ እንዳለው በአጭሩ ያስገነዝባል። ቅጠሉን የበጠሰው የትኛው ነገር እንደሆነ ግን አይናገርም። የጤና ባለሙያ የዕለት ተዕለት ሥራ የሚጀምረው ብሂሉ ከሚያበቃበት ቦታ ነው። ስለሆነም ባለሙያው መንስኤን ከውጤት የመለየት ችሎታውን የሚያዳብርበት ትምህርት ምን ያህል ለሥራው እንደሚበቃ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

በመመዘኛ ፈተናዎችና በመለማመጃ መጻሕፍት ዘንድ በስፋት የሚታወቅ አንድ የልምምድ ዓይነት አለ። ለተፈታኙ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይሰጡታል፤ ከዚያም የመጀመሪያው የሁለተኛው መንስኤ መሆኑን፣ ሁለተኛው የመጀመሪያው መንስኤ መሆኑን፣ ሁለቱም የአንድ የጋራ መንስኤ ውጤቶች መሆናቸውን ወይም ፈጽሞ የማይገናኙ መሆናቸውን እንዲመርጥ ይጠየቃል። በ2012 ዓ.ም. ተግባራዊ በሆነው የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ሥርዓተ ትምህርት «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ» የጋራ ትምህርት ሆኖ ከተካተተ ወዲህ ስለ አመክንዮ ጨርሶ ሳይማር ወደ ጤና ሙያ የሚገባ ተማሪ ቁጥር እየቀነሰ መጥቷል። ይህም በበጎ የሚታይ ነው።

የልምምዱ ጠቀሜታ ሊካድ አይገባም። ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን መታየታቸው ብቻውን አንዱን የሌላው መንስኤ እንደማያደርገው ያስተምራል። ከሁሉም በላይ «የጋራ መንስኤ» የሚለው አማራጭ ተማሪው ከተሰጡት ሁለት ነገሮች ውጭ ሦስተኛ ነገር እንዲያስብ ያስገድደዋል። ይሁን እንጂ ልምምዱ መሠረታዊ ጉድለት አለበት። ዓረፍተ ነገሮቹን መርጦ የሚያቀርበው ፈታኙ ነው። በጤና ተቋም ውስጥ ግን ሕመምተኛው ይዞ የሚመጣው ውጤቱን ብቻ ነው፤ ሌላውን ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ማግኘት የባለሙያው ድርሻ ይሆናል። ይህን ልዩነት ጎልቶ ከሚያሳዩት መካከል በጋምቤላ ክልል በኩሌና በአካባቢው የስደተኞች መጠለያዎች የተከሰተው የሄፓታይተስ ኢ ወረርሽኝ ይጠቀሳል።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 በደቡብ ሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ ወደ 200,000 የሚጠጉ ስደተኞች በአንድ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ ወደ ጋምቤላ ገብተዋል። የኩሌ መጠለያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 ነበር። ከኤፕሪል 2014 እስከ ጃንዋሪ 2015 ባለው ጊዜ በሌይቹዎር፣ በኩሌና በቲየርኪዲ መጠለያዎች ከ1,100 በላይ በበሽታው የተጠረጠሩ ሕሙማን ሲመዘገቡ 21 ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። በሽታው ሄፓታይተስ ኢ መሆኑም በላቦራቶሪ ምርመራ ተረጋግጧል።

ይህ ወረርሽኝ በተለመደው የልምምድ መልክ ቢቀርብ ምናልባት እንዲህ ይሆን ነበር፤ «አንድ፦ በክረምቱ የጎርፍ ውኃ መጠለያውን አጥለቀለቀ። ሁለት፦ በመጠለያው ዓይናቸው ቢጫ የሆነ ሕሙማን ቁጥር ጨመረ።» አብዛኛው ተፈታኝ ያለ ማመንታት አንደኛው የሁለተኛው መንስኤ ነው ብሎ ይመልሳል። በእርግጥም በ2014 ክረምት ሌይቹዎር በጎርፍ ተጥለቅልቆ ነበር፤ ጎርፍ ዓይነ ምድርን ወደ መጠጥ ውኃ በማድረስ በሽታውን ሊያባብስ እንደሚችልም አያጠራጥርም። ነገር ግን ተጠርጣሪ ሕሙማን መመዝገብ የጀመሩት ከክረምቱ ጎርፍ በፊት፣ ኩሌም ከመከፈቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው። መንስኤ ከውጤቱ ሊቀድም ይገባልና ጎርፉ ወረርሽኙን አባብሶት ሊሆን ይችላል እንጂ አላስጀመረውም። የልምምዱ ዓረፍተ ነገሮች ቀን ስለሌላቸው ተማሪው ይህን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።

ቀን መኖሩም ብቻውን በቂ አይደለም። የሄፓታይተስ ኢ ቫይረስ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። በመሆኑም በሜይ ወር መጨረሻ ኩሌ ገብቶ በጁን መጀመሪያ የታመመ ሰው በሽታው የያዘው በኩሌ ሳይሆን ድንበር ሲያቋርጥ ወይም በመቆያ ቦታ በጠጣው ውኃ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው ሕመምተኛው ዛሬ ከሚጠቀምበት ቧንቧ ናሙና ወስዶ ንጹሕ ሆኖ ቢያገኘው «ውኃው መንስኤ አይደለም» ብሎ መደምደም አይችልም፤ የተመረመረው የዛሬው ውኃ ነው፣ ተጠያቂው ግን ከሳምንታት በፊት የተጠጣው ነው። ከቧንቧው ንጹሕ ሆኖ የተቀዳው ውኃም በጀሪካን ውስጥ ወይም በእጅ ንክኪ ሊበከል ይችላል። ትክክለኛው ጥያቄ «የት ትኖራለህ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት በፊት የት ነበርክ? ከየት ትጠጣ ነበር?» የሚለውም ነው።

ሌላው ፈተና ወባ ነው። ጋምቤላ ወባ በብዛት የሚገኝበት ክልል እንደመሆኑ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሕመምተኛ ደሙ ሲመረመር የወባ ጥገኛ ተውሳክ ቢገኝበት አያስደንቅም። ብርቱ ወባም ቢጫነትን ያስከትላልና ምርመራው በዚያው ሊቆም ይችላል። ነገር ግን ወባ በተስፋፋበት ሥፍራ ብዙ ሰው ሕመም ሳይሰማው ተውሳኩን በደሙ ይዞ ይገኛል። ስለዚህ ተውሳኩ መገኘቱ ቢጫነቱን ያመጣው ወባ መሆኑን አያረጋግጥም። ዓይናቸው ቢጫ ያልሆነ፣ በዕድሜና በመኖሪያ የሚመሳሰሉ ሰዎች ተመርምረው በነርሱም ላይ ተውሳኩ በተመሳሳይ መጠን ከተገኘ መንስኤውን ሌላ ቦታ መፈለግ ያሻል። በእርግጥ የተገኘው ወባ መታከም አለበት፤ ወባን ማከም ግን የቢጫነቱን ጥያቄ መመለስ አይደለም።

የመንስኤ ፍለጋን ከሚያሰናክሉ ነገሮች አንዱ ስያሜ ነው። በአማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ የዓይን መቢጨት «የወፍ በሽታ» ይባላል፤ ከሌሊት ወፍ ጋር የሚያያይዘው እምነትም ከስሙ ጋር አብሮ ኖሯል። ስሙ ራሱ መልስ ስለሆነ ጥያቄው ሳይጠየቅ ይቀራል። የተማረው ባለሙያም ከዚህ ነፃ አይደለም። በመዝገብ ላይ «የጉበት በሽታ» ብሎ ጽፎ ማለፍ ውጤቱን በሌላ ስም መጥራት እንጂ መንስኤውን መናገር አይሆንም።

ከርምጃ በኋላ የሚመጣ መሻሻልም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ክሎሪን ተጨምሮ፣ መፀዳጃ ቤት ተቆፍሮ፣ ሳሙና ታድሎ የሕሙማን ቁጥር ሲቀንስ ለውጡን ያመጣው ርምጃው ነው ማለት ይቀናል። ሆኖም ወረርሽኝ በበሽታው ያልተያዘው ሰው ቁጥር ሲያንስ በራሱ ጊዜም ይቀንሳል። ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ብሮድ ስትሪት የውኃ ፓምፑ እጀታ እንዲነቀል ካደረገ በኋላ ኮሌራው የቆመው በዚያ ብቻ ነው አላለም፤ ነዋሪው አካባቢውን ለቆ በመሸሹ ሕመሙ አስቀድሞ መቀነስ መጀመሩን ራሱ መዝግቧል። እንዲህ ያለው ሐቀኝነት መከላከያውን አያሳንሰውም፤ በሚቀጥለው ወረርሽኝ የትኛው ርምጃ መቅደም እንዳለበት ለማወቅ ግን አስፈላጊ ነው።

የጎደለውን ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ለማግኘት አገር በቀል አርአያም አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው ተመለከቱ። በምልከታው ብቻ ሳይወሰኑ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን ከእንዶድ አረፋ ጋር አገናኝተው መሞታቸውን አረጋገጡ። መነሻው ቦታን ከቦታ ማነጻጸር፣ ማረጋገጫው ሙከራ ነበር።

ስለዚህ የሚበጀው ልምምዱን መተው ሳይሆን ማሻሻል ነው። ለጤና ባለሙያዎች የሚዘጋጅ ልምምድ ሁለት የተቆረጡ ዓረፍተ ነገሮችን ከማቅረብ ይልቅ ሕሙማኑ የታመሙበትንና ወደ መጠለያው የገቡበትን ቀን፣ ውኃ የቀዱበትን ቦታና ያልታመሙትን ጎረቤቶች ሁኔታ ቢይዝ ይመረጣል። ከምርጫዎቹም መካከል «ለመወሰን የሚያስችል መረጃ አልተሟላም፤ የሚያስፈልገው ይህ ነው» የሚል ሊኖር ይገባል። ተማሪው ይህን መልስ በመምረጡ ነጥብ የሚያገኝ ከሆነ በሥራ ላይም ሳያፍር ይናገረዋል።

ጉዳዩ የፈተና ነጥብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሄፓታይተስ ኢ በአብዛኛው ሰው ላይ በራሱ የሚድን ቢሆንም በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ከሚያዛቸው ሴቶች መካከል ከመቶ እስከ 20 ወይም 25 የሚደርሱትን ሊገድል ይችላል። ክትባቱ ለወረርሽኝ መከላከያ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2022 በደቡብ ሱዳን ቤንቲዩ ነው፤ በ2014 ኩሌ ለነበሩ ነፍሰ ጡሮች የነበረው መከላከያ ንጹሕ ውኃ፣ መፀዳጃ ቤትና የእጅ ንጽሕና ነበር። እነዚህም በወቅቱና በትክክለኛው ቦታ ሊደርሱ የሚችሉት ዓይኗ ቢጫ የሆነችውን የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ የተቀበለው ባለሙያ የወባ መድኃኒት ሰጥቶ ከማሰናበቱ በፊት ከሳምንታት በፊት ከየት ትጠጣ እንደነበር ከጠየቃትና መልሱን ከመዘገበው ብቻ ነው።