የፖልያ «እንዴት ይፈታል?» እና ጀማሪው የሂሳብ መምህር

ጆርጅ ፖልያ በቡዳፔስት ተወልዶ፣ በዙሪክ ለብዙ ዓመታት አስተምሮ፣ ኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ የሂሳብ ሊቅ ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመው «እንዴት ይፈታል?» የተሰኘው መጽሐፍ የሂሳብ ጥያቄ አፈታትን በአራት ደረጃ ይከፍላል፤ ይኸውም ጥያቄውን መረዳት፣ መፍቻውን ማቀድ፣ ዕቅዱን መፈጸምና የተሠራውን ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር ነው። አራቱን ደረጃዎች በቃል መያዝ ቀላል ነው። ጥያቄው ሥልጠናውን ጨርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ 9ኛ ክፍል ፊት የቆመ መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ምን ሊያደርግባቸው ይችላል የሚለው ነው፤ መጽሐፉም ለመምህራን ሲቀርብ ሊመዘን የሚገባው በዚህ ነው።

የመጽሐፉ ብርታት በምሳሌው ላይ ይታያል። ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ የታወቀ ሣጥን መሰል ቅርጽ ዲያጎናል ምን ያህል እንደ ሆነ እንዲፈለግ ያደርግና፣ መምህሩ የመማሪያ ክፍሉን ራሱን እንደ ሣጥኑ ሊቆጥረው እንደሚችል ያመለክታል። መሣሪያ ለሌለው ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ ምክር ማግኘት ያስቸግራል። ክፍሉ 8 ሜትር ርዝመት፣ 6 ሜትር ወርድና 3 ሜትር ቁመት ቢኖረው፣ የወለሉ ዲያጎናል 10 ሜትር ይሆናል፤ የፓይታጎረስ ቴዎረም ሁለተኛ ጊዜ ሲሠራበት ደግሞ ከወለሉ ጥግ እስከ ተቃራኒው የጣሪያ ጥግ ያለው ርቀት የ109 ዳግም ዘር፣ ማለትም 10.44 ሜትር ያህል ሆኖ ይገኛል።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ለተሳሳተ መልስ የሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። ጀማሪው መምህር ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ይኸው ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ሦስቱን ቁጥሮች ደምሮ 17 ቢል፣ የተለመደው ነገር ኤክስ ምልክት አድርጎ ትክክለኛውን መልስ በሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። ነገር ግን 17 ትርጉም የሌለው ቁጥር አይደለም፤ በክፍሉ ጠርዝ ለጠርዝ የሚሄድ ጉንዳን ከጥግ ወደ ጥግ ለመድረስ የሚጓዘው ርቀት ነው። ቀጥታው መስመር ከዚህ ያጥራል ወይስ ይረዝማል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ተማሪው ስሕተቱን ራሱ ሊያገኘው ይችላል። ፖልያ በአራተኛው ደረጃ ያስቀመጠው ምርመራ እዚህ ላይ የመጀመሪያ ይሆናል ማለት ነው። ቁመቱ ወደ 0 ቢወርድ መልሱ ወደ 10 ይወርዳል ወይ የሚለው ጥያቄም ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። የትምህርት ቤት አስተዳደርና ሱፐርቪዥን መምህሩን የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደ ደረሰ ብቻ የሚጠይቁት ከሆነ ግን በቅድሚያ የሚቀረው ይህ ሁለት ደቂቃ ነው።

ሌላው ጉድለት ከደራሲው ይልቅ መጽሐፉን እንዳለ ተቀብለው በሚያስተላልፉት ላይ ያርፋል። ፖልያ ጥያቄውን መረዳት ሲል ቋንቋው እንደ ተፈታ አድርጎ ነው የሚነሣው። በኢትዮጵያ ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ ተማሪው አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ መረዳት ይኖርበታል፤ አንድ ጊዜ እንደ ቋንቋ፣ አንድ ጊዜ እንደ ሂሳብ። የተሰጠው ምን፣ ተፈላጊው ምን እንደ ሆነ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲናገር ሳይደረግ ወደ ማቀድ መሻገር ብዙውን ተማሪ ቀመር ወደ መሸምደድ ይመራዋል።

ከመጽሐፉ ገጾች ከግማሽ በላይ የያዘው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ የተደረደረ የአፈታት መዝገበ ቃላት ነው። ለበሰለ መምህር ደስ የሚል ንባብ ነው፤ ለጀማሪው ግን የቱን አስቀድሞ የቱን አስከትሎ እንደሚያነብ አይነግረውም። የመማሪያ ክፍሉ ምሳሌ የሚገኝበትን አጭሩን የመጀመሪያ ክፍል አንብቦ፣ መዝገበ ቃላቱን አንድ መንፈቀ ዓመት ካስተማረ በኋላ ቢከፍተው ይሻለዋል።