ባዶ ሳይድካር አይነዳም

አንድ የአዳማ ወጣት 150 ሲሲ ሞተሩ ላይ በቀኝ በኩል ሳይድካር፣ ማለትም ባለ አንድ ጎማ የጎን መቀመጫ፣ ካስበየደ በኋላ ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያመጣው ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ጋሼ፣ ሰው ሳልጭን ወደ ቀኝ ስታጠፍ ለምንድን ነው የሚነሳብኝ?» መልሱም ከጥያቄው አይረዝምም፤ ባዶ ሳይድካር አይነዳም፤ ሰው ከሌለ አሸዋ ይጫንበታል። ወጣቱ ግን በዚህ አልረካም። እሱና ጓደኞቹ የአሸዋ ጆንያ ይዞ መዞር የሽማግሌ ሥራ ይመስላቸዋል። የእነሱ ዘዴ ኩርባ ሲመጣ ከኮርቻው ተነስቶ ሰውነትን በቀኝ በኩል ማንጠልጠል ነው። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ጸሐፊውም እንዲበርድ አይፈልግም።

ከሞጆ ተነስቶ በመቂ፣ በባቱና በቡልቡላ አልፎ ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው ነባሩ አስፋልት ለሳይድካር ነጂ ብዙ የሚያስተምረው ነገር የለውም። ሜዳ ነው፣ አብዛኛውም ቀጥ ያለ ነው። ትምህርቱ ያለው የላንጋኖ ሐይቅ መገንጠያ ላይ ነው። ላንጋኖ ከመንገዱ በስተ ምሥራቅ፣ አብያታ ደግሞ በስተ ምዕራብ ስለሆኑ ከሰሜን የመጣ ሰው ወደ ላንጋኖ የሚገባው ወደ ግራ ታጥፎ ነው። ሲመለስ ከፒስታው ወጥቶ አስፋልቱን ወደ ቀኝ ይይዛል። ሲገባ ሳይድካሩ ሙሉ ነው፤ ሰውም፣ ምሳም፣ የውሃ ጀሪካንም አለው። ተሳፋሪውን ሐይቁ ዳር ትቶ ብቻውን የሚመለሰው ነጂ ግን ያችን የቀኝ ኩርባ የሚያገኛት ባዶውን ነው። ወጣቱን ያስደነገጠችው እሷ ናት።

የጎማውን አሰላለፍ፣ የሞተሩን ወደ ውጭ ዘንበል ማለት፣ የማያያዣዎቹን ጥብቀት እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሥራውን የሚያውቅ በያጅ ያውቀዋል። የሚረሳው ክብደት ነው። የወጣቱን ዓይነት ሞተር ከነነጂው 205 ኪሎ፣ ባዶውን ሳይድካር 60 ኪሎ እንበል። የሳይድካሩ ክብደት መሃል ከሞተሩ ሁለት ጎማዎች መስመር 70 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ከመሬት ያለው ከፍታ ለሞተሩና ለነጂው 60፣ ለሳይድካሩ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በዚህ ስሌት ራዲየሱ 30 ሜትር የሆነ የቀኝ ኩርባ ላይ ሦስተኛው ጎማ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ መሬት ይለቃል። አንድ 50 ኪሎ የአሸዋ ጆንያ ወለሉ ላይ፣ ከሞተሩ መስመር 80 ሳንቲ ሜትር አርቀው ቢያስቀምጡበት ያው ጎማ እስከ 43 ድረስ መሬቱን ይይዛል። የአሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ናት። ጥጃ ድንገት ከግራ ዘሎ ሲገባ፣ ነጂውም ሳያስበው መሪውን ወደ ቀኝ ሲቆርጥ ግን ትንሽ አይደለችም።

ጆንያው የትም አይወረወርም። ቦታው ዝቅ ብሎ፣ ወደ ውጭ ተገፍቶ፣ ከሳይድካሩ አክስል ጎን ወይም ትንሽ ወደ ኋላ ነው። የሳይድካሩ አፍንጫ ውስጥ የከተተው ሰው የቀኙን ችግር ፈትቶ የግራውን ያመጣል። ወደ ግራ ሲታጠፉ ክብደቱ ሁሉ ወደ ሳይድካሩ ጎማ ይሸሻል፤ የሞተሩ የኋላ ጎማ ይቀላል፤ ከባሰም ከፊት ጎማው እስከ ሳይድካሩ ጎማ ባለው መስመር ላይ አፍንጫውን ደፍቶ ይገለበጣል።

ስለ ጆንያው ይዘትም የሚሟገት አይጠፋም። የስምጥ ሸለቆ ሰው ጭነት እንደሚያታልል ያውቃል። ለብሎኬት ማምረቻ የሚቆፈረው ነጩ ድንጋይ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው፣ ጆንያ ሞልቶ ሲያዩት ያስፈራል፤ ሲያነሱት ግን ቀላል ነው። ከሰልም እንዲሁ ቦታ ይይዛል እንጂ አይመዝንም። ሲሚንቶ 50 ኪሎው በከረጢቱ ላይ ስለተጻፈ ብዙዎች ይወዱታል፤ አንድ ክረምት ዝናብ ካገኘው ድንጋይ ሆኖ እንደሚቀር ግን ይዘነጉታል። (ለነገሩ ለዚህ ሥራ ድንጋይ ሆኖ ቢቀር ምን ቸገረ?) የጸሐፊው ምርጫ ግን የወንዝ አሸዋ ነው። ከባድ ነው፣ ወለሉን ተከትሎ ይተኛል፣ መንገድ ላይ ተሳፋሪ ከተገኘም ዳር ላይ አፍስሶ መሄድ ይቻላል።

የወጣቶቹ ዘዴ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። እንዲያውም ታሪኩ ከእነሱ ጋር ነው። የዓለም የሳይድካር ውድድር ሻምፒዮና ሲጀመር፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ ያሸነፈው እንግሊዛዊው ኤሪክ ኦሊቨር በኖርተን ሞተር ሲሆን ሳይድካሩ ውስጥ የነበረው ዴኒስ ጄንኪንሰን ነው። ይህ ጄንኪንሰን በ1955 በጣሊያኑ የሚሌ ሚሊያ የመኪና ውድድር ለስተርሊንግ ሞስ መንገድ እየነገረ አብሮት ያሸነፈው ሰው ነው። በሳይድካር ውድድር የተሳፋሪው ሥራ ራሱ ክብደት መሆን ነው፤ ኩርባው እንደጠየቀው አንዴ ወደ ውጭ ይንጠለጠላል፣ አንዴ ኋላ ጎማው ላይ ይተኛል። ነገር ግን እነሱ ሁለት ነበሩ፤ ኦሊቨር መሪውን ይይዛል፣ ጄንኪንሰን ይንጠለጠላል። የአዳማው ወጣት ሁለቱንም ብቻውን ልሁን ይላል። የተንጠለጠለ ሰው ፍሬኑን በቅጡ አያገኘውም፤ የውድድር ሜዳ ላይ ደግሞ ከቁጥቋጦ ውስጥ ፍየል አይወጣም።

ጠንካራው መቃወሚያ ሌላ ነው። ጭነት ተጨምሮ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ ወደ ግራ ይጎትታል፤ የራሱ ፍሬን የሌለው ሳይድካር ወደ ፊት መሄዱን ስለማይተው የሞተሩን አፍንጫ ወደ ተቃራኒው መስመር ያዞረዋል። እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ጆንያውን ማውረድ ሳይሆን ለሦስተኛው ጎማ ፍሬን ማስገጠም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠራው ቢኤምደብሊው አር 75 የሳይድካሩ ጎማ ፍሬን ብቻ ሳይሆን የሞተር ኃይልም ይደርሰው ነበር። ከሰማንያ ዓመት በፊት የታወቀን ነገር ዛሬ «ወጪ ይበዛል» ብሎ መተው ለጸሐፊው አይዋጥለትም።

ክብደት ሞተር ይጨርሳል የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1934 ማብቂያ ቴሬዛ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን የተባሉ ሁለት ሴቶች በ600 ሲሲ ፓንተር ሞተር፣ ሳይድካር ገጥመው፣ ከኋላው ተጎታች ጨምረው ከለንደን ተነሱ። ሰሃራን አቋርጠው በ1935 ኬፕታውን ገቡ። እርግጥ አጋዴዝ ላይ ሞተራቸውን ፈታተው እንደገና መሥራት ግድ ሆኖባቸዋል። እንግዲህ ሞተር ይፈታል፣ ይገጠማል። የተሰበረ አንገት እንደዚያ አይደለም።

የባጃጅ ሾፌሮች ይህን ሁሉ ሲሰሙ ይስቃሉ። «ባጃጅ አትገዛም?» ይላሉ፤ ለሥራ ከሆነ ልክ ናቸው። ባጃጅ በግራና በቀኝ እኩል ነው፤ ሦስት ሰው ጭኖ ከዝናብ ያስጠልላል። የሳይድካር ነገር ግን እኩል አለመሆኑ ነው። ግራው ሌላ፣ ቀኙ ሌላ። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትዞር አንድ የድሮ ሳይድካር ነጂ በግራ የተገጠመለትን ይዞ ቀርቶ ከሆነ፣ ለክፉም ለደጉም የለመደው ኩርባ ሁሉ ተገልብጦበታል። ሳይድካር ጥቅምም አለው፤ የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ 34 ተርባይኖች ያሉት የአዳማ የመጀመሪያው የነፋስ ኃይል ማመንጫ እዚያ የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለ ሁለት ጎማ ሞተር ከጎን በሚመጣ ነፋስ ሲንገላታ ባለ ጆንያው ሳይድካር መንገዱን ይዞ ይሄዳል።

እንዲህ ሁሉ ቢባልም፣ ጸሐፊው ሳይድካር ያስገጠመው ለነፋሱ አልነበረም፤ ለእናቱ ነው። እሳቸው በሞተር ኋላ እግር አንፈራጦ መቀመጥን ነውር ይሉታል፤ በጎን መቀመጡ ደግሞ አደጋ ነው። ሳይድካሩ ውስጥ ግን ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው፣ እግራቸውን ዘርግተው ላንጋኖ ድረስ ይሄዳሉ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ቢሆንም ቢልሃርዚያ የለበትም ስለተባሉ ጉልበታቸው ድረስ ይገቡበታል። መንገድ ላይ ወሬ አይቻልም፤ ድምፁ አያስወራም። ጭኑን አንዴ መታ ካደረጉት ቀስ በል ማለት ነው፤ ሁለቴ ከሆነ ባቱ ላይ ዓሣ፣ መቂ ላይ ሽንኩርት አይተዋል ማለት ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጀርባ ሲያይ ይውላል። ከጎን የተቀመጠ ሰው ግን ነጂው የሚያየውን መንገድ እኩል ያያል፤ አስተያየትም ይሰጣል። እሳቸው የጭነት መኪና ቀድሞ ማለፍን አይወዱም፤ ስለዚህ ከእሳቸው ጋር ሆኖ አይታለፍም።

ዕድሜ ሲገፋ እናት ቀለሉ። ሳይድካሩ ይህን ያወቀው ከልጃቸው ቀድሞ ነው፤ እሳቸው ተቀምጠውበትም በመገንጠያው ላይ ሦስተኛው ጎማ መቅለል ጀመረ። ስለዚህ ሳይናገር ከእግራቸው ሥር ትንሽ የአሸዋ ከረጢት አስገባ። አላመለጣቸውም።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን አፈር ምን ሊያደርግልህ እግሬ ሥር ትወሽቀዋለህ?»

ስለ ቀኝ ኩርባው አስረዳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ ከተጫነ አይቀር ሽንኩርት ይሁን አሉ። ሽንኩርቱ መቂ ነው፤ ኩርባዋ የምትመጣው ከላንጋኖ ሲወጡ፣ መቂ ሳይደረስ መሆኗን ቢነግራቸውም አልተቸገሩም፤ ታዲያ ስንሄድ እንግዛዋ አሉ። ከዚያ ወዲህ የእናት ሽንኩርት ላንጋኖ ደርሶ ይመለሳል።